ቀለሙን ሳይሆን አፉን ይዩ

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ የምኖር አስተማሪ ነኝ። ዱባይ የሚሠራው ወንድሜ ዓምና ሲመጣ 200 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ፣ መብራቱን፣ ፓምፑን፣ ማሞቂያውንና ሁለት ባልዲ የባሕር ጨው ይዞልኝ መጣ። ውኃው ከተዘጋጀ ሦስት ወር ሆኖታል። ዐለቱም ጥቂቶቹ ኮራሎችም ደኅና ናቸው። ዓሣው ላይ ግን አልቀናኝም። ‹ለጀማሪ የሚሆኑ ጠንካሮች ናቸው› ተብዬ ሦስት ሰማያዊ ዳምሰሎች ገዛሁ፤ በአንድ ወር ውስጥ አንዱ ሁለቱን ጨርሶ ብቻውን ቀረ። አሁን አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ የዓሣ ዝርዝር ልኮልኛል። ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ሰማያዊ ታንግ፣ አንድ አንበሳ ዓሣ፣ አንድ ቢራቢሮ ዓሣና አንድ ማንዳሪን መርጫለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ በተለይ ሰማያዊውን ትፈልጋለች። አብረው ይኖሩልኛል ወይ? መብራት ሲጠፋስ ምን ላድርግ? የወንድሜ ጨው ሲያልቅ በአፍዴራ ጨው መተካት ይቻላል?»

መልስ

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከመረጧቸው አምስት ዓይነት ዓሦች አራቱን እንዳይገዙ እለምንዎታለሁ። የሚቀሩት ክላውንፊሾቹ ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የሚገቡት መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ ላይ ነው። ይህን ስጽፍ የልጅዎ ፊት ታይቶኛል፤ ስለዚህ «አይሆንም» ብቻ ብዬ አልተውዎትም። የትኛው ለምን እንደማይሆን፣ በምትኩም የትኛው እንደሚሻል አንድ በአንድ እነግርዎታለሁ።

እኔ ያደግሁት ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር ነው። በልጅነቴ ዓሣ ማለት ቆሮሶ፣ አምባዛና አንድ ሌላ ወገን ነበር፤ ያን ሦስተኛውን ወገን እንዳለ በአንድ ስም ጠርተን እናልፈው ነበር። አጥኚዎች ግን የራሱን ቅርጽና የአፉን አከፋፈት እያስተያዩ ሲለዩት 15 ያህል ዝርያ ሆኖ ተገኘ፤ ላቤዮባርበስ ይባላሉ። ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። የቀሩት ደግሞ አንዱ ደቃቅ ተንሳፋፊ ነፍሳት ይለቅማል፣ አንዱ የውኃ ሣር ይግጣል፣ አንዱ የሐይቁን ወለል ይፈትሻል። የአንድ ሐይቅ ዘመዳሞች ሆነው ሳለ የእያንዳንዱ አፍ የተሠራው ለየብቻው እንጀራ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የማላውቀውን ዓሣ ሳይ ከቀለሙ በፊት አፉን አያለሁ። ምን ያህል ይከፈታል? ምን ለመብላት ነው የተሠራው? ከዚያ ደግሞ ማታ የት እንደሚያድርና ሲያድግ ስንት እንደሚሆን እጠይቃለሁ። ነጋዴው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከሌለው ዓሣው ይቅርብዎ።

ከአንበሳው ዓሣ እንጀምር። ሲያዩት ክንፎቹን እንደ ካባ ዘርግቶ ሳይቸኩል ስለሚንሳፈፍ የዋህ ይመስላል። አፉ ሲከፈት ግን የገላውን ግማሽ የሚያህል ዓሣ በአንድ ጊዜ ውጦ ይዘጋል። ክላውንፊሽዎን ሌሊት ቢውጠው ጠዋት አጥንት እንኳን አያገኙም። ክፋት የለበትም፤ የተፈጠረው ለዚያ ነው። በዚያ ላይ የጀርባው እሾሆች መርዝ አላቸው፤ የሚወጋው ሰው ብርቱ ሥቃይ ያገኘዋል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጇን በምትሰድበት ገንዳ ውስጥ አንበሳ ዓሣ እንዲኖር አልፈልግም። ይህ ዓሣ የቀይ ባሕር፣ የሕንድና የሰላማዊ ውቅያኖስ ተወላጅ ነው። ከሰው እጅ አምልጦ ወይም ተለቅቆ አትላንቲክ ውቅያኖስ ከገባ በኋላ በፍሎሪዳና በካሪቢያን ዳርቻ ያሉትን ትናንሽ ዓሦች እየፈጀ ነው። እምቦጭ ጣናን እንዴት አድርጎ እንደወረረ ያየ የጎጃም ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ከገንዳዎ የሚወጣ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ፣ ዓሣም ይሁን አልጌ፣ ወንዝ ወይም ሐይቅ እንዳይገባ አደራ እላለሁ።

ቢራቢሮ ዓሣ ከኮራል ጋር አይሆንም። ሹል አፉ በኮራሉ ላይ ያሉትን ለስላሳ አፎች አንድ በአንድ ለመልቀም የተሠራ ነው። ብዙ ሰው ኮራልን ድንጋይ ወይም ተክል ይመስለዋል፤ እንስሳ ነው። ቢራቢሮ ዓሣ ኮራል ገንዳ ውስጥ ማስገባት በግ ጎመን ማሳ ውስጥ እንደ መልቀቅ ነው። ከቤተሰቡ ኮራል የማይነኩ ጥቂቶች አሉ፤ ለእርስዎ የተላከው የትኛው እንደሆነ ግን ዝርዝሩ አይናገርም፤ ስለዚህ ይቅር።

ስለ ማንዳሪን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ይህን ዓሣ እኔም ገዝቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ውበት በሕይወቴ አላየሁም፤ በሰማያዊ ላይ ብርቱካናማ ጥልፍ የተጠለፈ የጥበብ ቀሚስ ጥለት ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ዐለቱ ላይ እየተንፏቀቀ በየሰከንዱ አንድ ነገር ይለቅማል። እኔም ሲለቅም እያየሁ ጠግቧል ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። የሚለቅመው ኮፔፖድ የሚባሉትን፣ ነጥብ የሚያህሉ ነፍሳት ነበር፤ የእኔ ገንዳ ደግሞ ገና አዲስ ስለነበር በሁለት ሳምንት ውስጥ ጨረሳቸው። የማቀርብለትን ምግብ አልነካም አለ። በአምስተኛው ሳምንት ከላይ ሆኜ ሳየው ከራሱ ኋላ ያለው ገላው ገብቶ የጀርባው አጥንት እንደ ክር ጎልቶ ወጥቶ ነበር። ያን ቀንም እየለቀመ ነበር፤ የሚለቅመው ግን ባዶ ዐለት ነው። ሲሞትም ቀለሙ አልደበዘዘም። ማንዳሪን ከማንም አይጣላም፤ ስለዚህ «ይስማማል» ይሏችኋል። መስማማት ከጎረቤት ጋር አለመጣላት ብቻ አይደለም። የሚበላው ነገር በቤቱ መኖር አለበት። ገንዳዎ ዓመት አልፎት ዐለቱ በእነዚያ ነፍሳት ሲሞላ፣ ነጋዴው ፊትዎ ደረቅ ወይም በረዶ ሆኖ የተቀመጠ ምግብ ሲበላ የሚያሳይዎት ማንዳሪን ከተገኘ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ሰማያዊው ታንግ ደግሞ የሚሸጠው የአውራ ጣት ርዝመት ሳለ ነው። ሲያድግ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በባሕር ውስጥም ቀኑን ሙሉ ሲዋኝ የሚውል ዓሣ ነው። የእርስዎ ገንዳ ርዝመቱ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። ጥጃ ነው ብሎ በሬ ሳሎን ውስጥ እንደ ማሳደግ ይሆንብዎታል። ሁለት ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው ትልቅ ገንዳ ይፈልጋል። ሲጨናነቅ ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ደግሞ ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ ከሁሉ በፊት የሚይዘው እርሱን ነው። በጅራቱ ሥር በሁለቱም በኩል እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ስለት አለው፤ የሚጣላው በዚያ ነው። ልጅዎ የወደደችው በትልቅ ገንዳ ውስጥ ሲሮጥ ያየችውን ዓሣ ነው፤ ጥግ ላይ ቆሞ ገላው በነጠብጣብ የተሸፈነውን አይደለም።

አሁን ወደ ቀረው ዳምሰል። ሁለቱን የገደለው ዕብድ ስለሆነ አይደለም። ዳምሰል በተፈጥሮው አንድ ቁራጭ ዐለት ይይዝና ደጁን የሚያልፈውን ሁሉ ያባርራል፤ ከራሱ ብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ሳይቀር። በባሕር ውስጥ የተሸነፈው ሦስት አራት ሜትር ይሸሽና ነገሩ በዚያ ያበቃል። በእርስዎ ገንዳ ውስጥ ግን የሚሸሹበት ቦታ የለም። ተሸናፊው ማሞቂያው ሥር ተሸጉጦ፣ ክንፉ ተበጣጥሶ፣ ምግብ ለመብላት በወጣ ቁጥር እየተነከሰ በረኃብና በድንጋጤ ያልቃል። «ጠንካራ» የተባሉትም አሞኒያን፣ ከዓሣ ቆሻሻና ከብስባሽ የሚወጣውን መርዝ ማለቴ ነው፣ ቆሻሻ ውኃንም ስለሚችሉ ነው። የእርሱ ጥንካሬ ለሌላው ዓሣ መከራ ነው።

ስለዚህ አንድም ዓሣ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ዳምሰል ያውጡት። እርሱ እያለ የሚገባ ሁሉ እንግዳ ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ቤቱ የእርሱ ሆኗል። በመረብ ለመያዝ አይሞክሩ፤ ዐለቱን ሁሉ ያፈርሱታል። የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ፣ ሃይላንድ የምንለውን ማለቴ ነው፣ ከአንገቱ በታች ይቁረጡና አፉን ወደ ውስጥ ገልብጠው መልሰው ይግጠሙት። ጎኑን በመርፌ ይብሱት። ለአንድ ቀን ምግብ ይከልክሉና ጥቂት ምግብ በጠርሙሱ ውስጥ አድርገው ወለሉ ላይ ያስተኙት። ሲገባ መውጫው ይጠፋዋል። ለነጋዴው ይመልሱት ወይም ሰፊ ገንዳ ላለው ሰው ይስጡት። ለሁለቱ ሟቾችም ዐለቱን አንድ ጊዜ ይፈትሹ፤ ተሸሽጎ የበሰበሰ ሬሳ ካለ አሞኒያው ለሚቀጥለው ዓሣ ይተርፋል።

በምትኩ ምን ይግባ? ለ200 ሊትር ለእርስዎ የምመርጠው አምስት ትናንሽ ዓሣ ብቻ ነው። አንድ ጎቢ ከሽሪምፑ ጋር፣ አንድ ፋየርፊሽ፣ አንድ ሮያል ግራማ፣ ሁለት ክላውንፊሽ። አራቱ ዓይነቶች በአንድ ገንዳ ውስጥ አራት የተለያየ ማደሪያ አላቸው ማለት ይቻላል፤ ደስታው እዚህ ላይ ነው።

ጎቢው ወለሉ የእርሱ ነው። ቢጫ ዘበኛ ጎቢ የሚባለውን ይጠይቁ፤ ቢያድግ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከእርሱ ጋር ተኳሽ ሽሪምፕ ይግዙ፤ ትልቁን ጥፍሩን ድንገት ሲገጥም «ቀጭ» የሚል ድምፅ የሚያሰማውን። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ጉድጓድ ይኖራሉ። ሽሪምፑ ዓይኑ ደካማ ነው፤ ግን ቆፋሪ ነው። ቀኑን ሙሉ አሸዋና ጠጠር በክንዱ እየገፋ እንደ ቡልዶዘር ያወጣል። ከጉድጓዱ በወጣ ቁጥር አንዱን ረጅም ጢሙን ጎቢው ገላ ላይ ያሳርፋል። ጎቢው በሩ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ ጅራቱን ያንቀጠቅጣል፤ ሽሪምፑም ወደ ኋላ ይገባል። አደጋው ከቀረበ ጎቢው ራሱ በአናቱ ይጠልቃል። ዓይን ያለው ለሌለው ይጠብቃል፤ ጉልበት ያለው ቤት ይሠራል። በጥንቃቄ ካላዩ በቀር የጢሙን ማረፍ አያስተውሉትም፤ አንድ ጊዜ ካዩት ግን ከገንዳው ፊት መነሣት ያቅትዎታል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። ዐለቶችዎ አሸዋው ላይ ሳይሆን በቀጥታ በመስታወቱ ወለል ላይ መቀመጥ አለባቸው፤ አለዚያ ሽሪምፑ ከሥራቸው ሲቆፍር ይናዱና ሁለቱንም ይጫኗቸዋል።

ፋየርፊሽ የመካከለኛው ውኃ ነው። ከፊቱ ነጭ፣ ከኋላው እሳት የመሰለ፤ አንዲት ረጅም የጀርባ ክንፉን ወደ ላይና ወደ ታች እያደረገ አየር ላይ እንደቆመ ወፍ ይቆማል። የዋህ ነው፤ ፈሪም ነው። ሲደነግጥ ይዘላልና ገንዳዎ ክዳን ይኑረው። የእንጨት ፍሬም ሠርተው ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ የናይለን መረብ ይወጥሩበት። ብዙ ፋየርፊሽ የሞተው በበሽታ ሳይሆን ምንጣፍ ላይ ደርቆ ነው። የብረት ሽቦ ግን አይጠቀሙ፤ ጨዋማው እንፋሎት ያዝገውና ዝገቱ ውኃው ውስጥ ይንጠባጠባል።

ሮያል ግራማ የዋሻ ነው። ግማሽ ገላው ሐምራዊ፣ ግማሹ ቢጫ። ሆዱን ሁልጊዜ ወደ ዐለት ስለሚያዞር ከዋሻ ጣሪያ ሥር ተገልብጦ ሲዋኝ ሲያዩት እንዳይደነግጡ፤ ደኅና ነው። ዋሻውን ይከላከላል፤ አፉን በሰፊው ከፍቶ ያስፈራራል እንጂ እንደ ዳምሰል አሳድዶ አይገድልም። ሁለት ግራማ ወይም ግራማና ሌላ ዋሻ ወዳድ ዓሣ አንድ ላይ አያስገቡ።

ክላውንፊሽ በሰው እጅ የተራባውን ይግዙ፤ በገንዳ ውስጥ መራባት ከተለመደ ቆይቷል። ከባሕር ከተያዘው ይልቅ ምግብ ይለምዳል፣ በሽታም ያንሰዋል። ኦሴላሪስ የሚባለውን ዝርያ ይምረጡ፤ ከዘመዶቹ ረጋ ያለ ነው። የእነዚህ ዓሦች ጠባይ ደግሞ ልዩ ነው። ሲፈለፈሉ ሁሉም በወንድነት ይጀምራሉ፤ ከጥንዱ ትልቁና ገዢው ወደ ሴትነት ይለወጣል። ሴቷ ብትሞት ባልየው ሴት ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ያደጉ፣ እኩል የሆኑ ክላውንፊሾች አይግዙ፤ ሁለቱም ሴቶች ከሆኑ እስከ ሞት ይጣላሉ። ሁለት ትናንሽ፣ አንዱ ከሌላው በዓይን የሚበልጥ ይምረጡ። ትንሹ ለትልቋ ገላውን እያንቀጠቀጠ ሲሰግድ ያያሉ፤ መስማማታቸው በዚያ ይታወቃል። አኔሞኒ፣ ክላውንፊሽ በባሕር ውስጥ በክንዶቹ መሐል የሚጠለልበትን እንስሳ፣ ካልገዛሁ ብለው አይጨነቁ፤ ክላውንፊሽ ያለ አኔሞኒ ይኖራል። አኔሞኒ ራሱ ግን በአዲስ ገንዳ ይሞታል፣ ወይም ሲንከራተት ፓምፕ ውስጥ ይገባል።

የማስገባቱ ቅደም ተከተል ከምርጫው እኩል ዋጋ አለው። ፈሪው ይቅደም፣ ቤት የሚይዘው ይከተል። ጎቢውና ሽሪምፑ፣ ከዚያ ፋየርፊሹ፣ ከዚያ ግራማው፣ በመጨረሻ ክላውንፊሾቹ፤ በመካከላቸው ቢያንስ ሦስት ሳምንት። ይህ ጊዜ ለጠባያቸው ብቻ አይደለም። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ለጨመረው ቆሻሻ እስኪበረክቱ ጊዜ ይፈልጋሉ። እናቴ ከገበያ አዲስ ዶሮ ስታመጣ ቀን ወደ ሌሎቹ አትቀላቅላትም ነበር። ማታ፣ ሁሉም ቆጥ ላይ ከሰፈሩ በኋላ በጨለማ ከጎናቸው ታስቀምጣታለች፤ ጠዋት አብረው ይወርዳሉ። እኔም ዓሣ የማስገባው መብራቱን አጥፍቼ ነው። ነባሩ ዓሣ ቤት የያዘ ከመሰለዎት በዚያው ቀን ሁለት ሦስት ዐለት ቦታ ይለዋውጡ፤ ሁሉም እንደ አዲስ ገቢ ይሆናል።

እዚህ ላይ በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ የማይነግርዎትን ላንሣ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጨው ያለበት ውኃ ደግሞ ከንጹሕ ውኃ በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ኦክሲጅን ነው የሚይዘው። በ25 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ዳርቻ ያለ ገንዳ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክሲጅን ሲይዝ የእርስዎ ቢበዛ 5 ገደማ ነው። ዱባይ ላይ ስምንት ዓሣ የሚችል ገንዳ እርስዎ ዘንድ አምስት ይበቃዋል ያልሁት ለዚህ ነው። ከፓምፖችዎ አንዱን አፉን ወደ ላይ አዙረው የውኃው ገጽ ሁልጊዜ እንዲታመስ ያድርጉ፤ ጸጥ ያለ ገጽ ለዓይን ቢያምርም ዓሣውን ያፍነዋል። ማለዳ፣ መብራቱ ሳይበራ ዓሦቹን ይዩ። ከላይ ተሰብስበው የመተንፈሻ ክዳናቸውን በፍጥነት የሚከፍቱና የሚዘጉ ከሆነ ኦክሲጅን አንሷቸዋል።

መብራት ሲጠፋም መጀመሪያ የሚጎዳው ይኸው ኦክሲጅን ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ዋጋው ብዙ አይደለም፤ ዓሣ ከመግዛትዎ በፊት እርሱን ይግዙ። በእጅዎ ከሌለ ከገንዳው በጣሳ እየቀዱ ከአንድ ክንድ ከፍታ መልሰው ያንቆርቁሩ፤ በየሩብ ሰዓቱ ሃያ ሠላሳ ጣሳ ብዙ ያግዛል። ምግብ አይስጡ። የማርቆስ ሌሊት ብርድ ስለሆነ ገንዳውን በጎንና በጎኑ በጋቢ ይጠቅልሉት፤ ከላይ ግን ክፍት ይሁን። ሙቀቱ በአንድ ሌሊት ከ25 ወደ 22 ዲግሪ ቢወርድ ይችሉታል፤ መብራት ሲመጣ በጥድፊያ ለማሞቅ አይሞክሩ።

ዓሦቹ ከአዲስ አበባ ሲመጡ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ፤ መሐል ላይ የዐባይ በረሃ አለ። ከጎሐ ጽዮን ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። በፎም ሳጥን ታሽገው፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ በሚነሣ መኪና፣ በሰው እጅ ይምጡ እንጂ ከመኪናው ጣሪያ ላይ አይጫኑ። ሲደርሱ ከረጢቱን ሳይከፍቱ ለ20 ደቂቃ ገንዳው ላይ ያንሳፍፉት። ከከፈቱት በኋላ ብዙ አይዘግዩ፤ በከረጢቱ ውስጥ የተጠራቀመው የትንፋሽ ጋዝ ሲወጣ ያለው አሞኒያ ወደ መርዛማው ዓይነት ይለወጣል። ዓሣውን ያሻግሩ፣ የከረጢቱን ውኃ ግን ይድፉት።

ከረጢቱ የሚንሳፈፍበትም ዓሦቹ የሚሻገሩበትም ደግሞ ዋናው ገንዳ አይደለም። 40 ሊትር ገደማ የሚይዝ ባዶ ገንዳ፣ ማሞቂያ፣ የስፖንጅ ማጣሪያና ለመሸሸጊያ የሚሆን ሁለት ቁራጭ የፕላስቲክ ቧንቧ ያዘጋጁና ለአራት ሳምንት እዚያ ያቆዩአቸው። ለይቶ ማቆያ ምን እንደሆነ ከኮሮና ወዲህ ማብራራት አያስፈልግም። በዚያ ጊዜ ገላቸው ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ከወጣ መድኃኒቱ የሚሰጠው እዚያው ነው። ዋናው ገንዳ ውስጥ መዳብ ያለበት መድኃኒት ከጨመሩ ሽሪምፑን፣ ቀንድ አውጣውንና ኮራሉን ይገድላል፤ ዐለቱም መዳቡን ይይዝና ቆይቶ መልሶ ይለቀዋል።

ስለ አፍዴራ ጨው፦ አይቻልም። በባሕር ውኃ ካለው ጨው 85 በመቶ ያህሉ የምንበላው ዓይነት፣ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው። የቀረው ማግኒዥየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ብዙ ነገር ነው። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየም ነውና የወጥ ጨው ብቻ ባለበት ገንዳ ውስጥ ቆሞ ይሞታል። ለወንድምዎ አሁኑኑ ይንገሩት፤ ወይም ከነጋዴው ጋር ይስማሙ። ሒሳቡ ቀላል ነው። በሊትር 35 ግራም ያስፈልጋል፤ በየሁለት ሳምንቱ 20 ሊትር ቢቀይሩ 700 ግራም ይሆናል። በመካከሉ ውኃው በትነት ሲቀንስ የሚጨመረው ጨው የሌለው ንጹሕ ውኃ ነው፤ የሚተነው ውኃው እንጂ ጨው አይደለምና። ለዚህ በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርድ የዝናብ ውኃ አያጠራቅሙ፤ የቆርቆሮው ዚንክ ሽሪምፑን ይጎዳል። የተጣራ ውኃ ይጠቀሙ። ያወጡትንም ጨዋማ ውኃ ጓሮ አያፍስሱ፤ ጌሾዎ ይደርቃል።

ልጅዎን አልረሳኋትም። ጎቢው ገብቶ ጉድጓዱ ሲቆፈር፣ ማታ የገንዳው መብራት ሊጠፋ ሲል የሳሎኑን መብራት ያጥፉና በርጩማ ስበው በዝግታ ከፊቱ ያስቀምጧት። መስታወቱን አትንካ፣ አትንቀሳቀስም። አምስት ደቂቃ ያህል ምንም አይታይም። ከዚያ ቢጫው ራስ ብቅ ይላል፤ ከኋላው የሽሪምፑ ጢም ይከተላል። ያን ጊዜ ቀረብ ብላ ጉንጩን ትየው። ከሩቅ ቢጫ ብቻ የሚመስለው ገላው ላይ በመርፌ ጫፍ የተነካ የሚመስል ነጠብጣብ ተበትኗል፤ ያ ነጠብጣብ ሰማያዊ ነው።